ጨው ውሃና ባሕር ውሃ

ደቻቱን የማያውቅ ሰው ወንዝ ሲባል ውሃ ይጠብቃል። የድሬ ዳዋ ልጅ ግን ያውቀዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ከዚራንና መጋላን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ሰው ያቋርጠዋል፣ ፍየልና ግመል ይነዳበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ አሸዋ ይዛቅበታል፣ ቆሻሻም ይደፋበታል። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከደንገጎ ወዲያ ያለው ደጋ ሲዘንብ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከተማው ላይ ጠብ ሳይል።

አንድ ክረምት ሌሊቱን ደቻቱ መጥቶ አደረ። ትልቅ አልነበረም፤ ከጉልበት በታች ነው ያሉት። ጠዋት ስናቋርጥ አሸዋው ገና እርጥብ ነው። የነጠላ ጫማዬ ማሰሪያ ተበጠሰና እግሬ ከጭቃው ውስጥ ጫፉን ባወጣ የቆርቆሮ ቁራጭ ላይ አረፈ። ተረከዜ ሁለት ጣት ያህል ተሰነጠቀ። ደሙ ከመምጣቱ በፊት ለአፍታ ነጭ ሥጋው ታየኝ፤ ነጩ ላይ ደግሞ ጥቁር የአሸዋ ብናኝ።

«አቦ፣ ጭረት ናት!» አለኝ ጓደኛዬ። አንዲት እናት የተፈጨ ቡና በሲኒ ይዘው ከቤታቸው ወጡ። የባጃጅ ሾፌሩ ቤንዚን ጠብ ላድርግበት አለ። ሌላው ኪሱ ውስጥ ከነበረው መድኃኒት አንዱን ካፕሱል ፈልቅቆ ዱቄቱን ሊነሰንስልኝ ቀረበ። ጅቡቲ ወደብ ላይ ዓመታት የሠሩ አንድ አባባ ግን ሁሉንም ናቁ። «ባሕር አጠገብህ ቢሆን ነከር አድርገኸው ትወጣ ነበር፤ ጨው ውሃ ያደርቀዋል» አሉ። በኋላ ሳስበው፣ ከአምስቱ መካከል ውሃና ሳሙና ይምጣ ያለ አልነበረም።

የዚህ ዳሰሳ መነሻ የአባባ ንግግር ነው። ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር ውሃ ቁስል ምን አገባን የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ድሬ ዳዋን ድሬ ዳዋ ያደረጋት በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ነው። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ሰው ለጉልበት ሥራ፣ ለሹፍርና፣ ለንግድም ወደ ጠረፉ ሲመላለስ ኖሯል። በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል ወደ የመን በጀልባ የሚሻገረውን ወጣት ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወደ ባሕር ዝለሉ ሲባል ድንጋዩና ዛጎሉ እግር ይቆርጣል።

የአባባ ንግግር ግማሹ እውነት ነው። ሐኪም ቤት በከረጢት የሚሰቀለው ጨው ውሃ በሊትር 9 ግራም ጨው አለው። መጠኑ ከሰውነታችን ፈሳሽ ጋር ስለሚቀራረብ ሥጋችንን አያኮማትርም፣ አያሳብጥም። ጀርም የሚገድል ኃይል ግን የለውም። ጥቅሙ ንጹሕ መሆኑና ቆሻሻውን ጠርጎ መውሰዱ ነው። እናቶቻችን ውሃ አፍልተው፣ ጨው ጣል አድርገው፣ አቀዝቅዘው ቁስል ሲያጥቡ ትክክል ነበሩ፤ የሠራው ግን ማፍላቱና ማጠቡ እንጂ ጨው ብቻውን አልነበረም። ጥናቶችም ለመጠጥ የሚሆን የቧንቧ ውሃ ቁስል ለማጠብ ከሐኪም ቤቱ ጨው ውሃ እንደማያንስ አሳይተዋል።

የባሕር ውሃ ግን አልፈላም። በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር ደግሞ ወደ 40 ይጠጋል። ይህ ሁሉ ጨው ያልገደላቸው፣ እንዲያውም ያለ ጨው መራባት የማይችሉ ባክቴሪያዎች ይኖሩበታል። ዋነኞቹ ቪብሪዮ የሚባሉት ናቸው። ከወገናቸው አንዱን አገራችን በደንብ ታውቀዋለች፤ ኮሌራን የሚያመጣው እሱ ነው። ኮሌራ በአፍ ገብቶ አንጀት ያጥለቀልቃል። ዘመዱ ቪብሪዮ ቫልኒፊከስ ደግሞ በአፍም በቁስልም ይገባል። ስሙ የላቲን ነው፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «አቁሳዩ» እንደ ማለት ነው።

ይህ አቁሳይ የሚወደው ሞቅ ያለና መጠነኛ ጨው ያለው ውሃ ነው፤ ወንዝ ከባሕር የሚቀላቀልበት ቦታ ይስማማዋል። አሣ ሲያጠምዱ በመንጠቆ፣ በሸርጣን ጥፍር ወይም በአሣ እሾህ የተወጋ ጣት ይበቃዋል። በሰዓታት ውስጥ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፤ ሕመሙ ከቁስሉ መጠን ጋር አይመጣጠንም፤ ከዚያ የጠቆረ ውሃ ይቋጥራል። ዜናዎች «ሥጋ በል ባክቴሪያ» የሚሉት አንዱ ይህ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው በዚህ ባክቴሪያ ከሚታመሙ አምስት ሰዎች አንዱ ያህል ይሞታል፤ አንዳንዱም በታመመ በአንድ ወይም በሁለት ቀን። የተረፈውም እጁን ወይም እግሩን ሊያጣ ይችላል።

ይህን አንብቦ ከጅቡቲ ባሕር ዳር የሚሸሽ ካለ ግን ፈጥኗል። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጨው የበዛበት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስበት ትልቅ ወንዝም የለውም። አዋሽ እንኳ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ ድንበሩ ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ ደቻቱማ የሽንሌ ሜዳ አሸዋ ነው የሚውጠው። ስለዚህ እዚያ ለቫልኒፊከስ ምቾት አይበዛለትም። ብዙ ጨው የሚችሉ ሌሎች ቪብሪዮዎች፣ ለምሳሌ አልጂኖሊቲከስ፣ ግን አሉ። እነሱ አብዛኛውን ጊዜ ገዳይ ባይሆኑም ቁስልን ያመረቅዛሉ፣ ጆሮንም ያሳምማሉ። የአባባ «ነከር አድርገው» እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው።

አቁሳዩ በእውነት የሚያሰጋቸው ወገኖቻችን ያሉት ሌላ ቦታ ነው፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ። ፖቶማክን የመሳሰሉ ወንዞች የሚገቡበት የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በበጋ ሙቅ ነው፣ ጨውነቱም መካከለኛ ነው፤ ለባክቴሪያው የተሠራ ይመስላል። በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ሐበሻ ብዛት ደግሞ የታወቀ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ልጆቹን ይዞ ሸርጣንና አሣ ሊያጠምድ የሚወጣው አባወራ፣ አገር ቤት ሳለ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ባሕር ቁስል ያስተማረው አያት የለውም። በምሥራቅ አሜሪካ ጠረፍ በቫልኒፊከስ የተያዘ ቁስል ከ1988 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በዓመት ከ10 ወደ 80 ገደማ ማደጉን፣ ውሃው እየሞቀ ሲሄድም በሽታው ወደ ሰሜን እየገፋ መሆኑን በ2023 የወጣ ጥናት አሳይቷል። በፍሎሪዳና በቴክሳስ ጠረፍ ያለው አሣ አጥማጅ ይህን ከእኛ በፊት ያውቃል፤ የእኛዎቹ ግን ከጎረቤት ካልሰሙ የሚነግራቸው የለም።

አሁን ለድሬ ሰው ሊቆረቁር የሚገባ አንድ ነገር። ቫልኒፊከስ ጤነኛን ሰው እምብዛም አይገድልም። የሚገድለው በተለይ ጉበቱ የተጎዳ ሰውን ነው፤ ስኳር ያለበት፣ መጠጥ የሚያበዛና የሰውነት መከላከያው የደከመም ይከተላል። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚሸከመው በሽታ ነው። በሐረር ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ጫት መቃምን ከሥር ሰደድ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። አቁሳዩ ጅቡቲ ላይ ባይበዛም ሁለቱን አንድ ላይ ያስቧቸው፦ ከጫት በርጫ የተነሳ ሾፌር ጅቡቲ ገብቶ፣ ሙቀቱን ለማብረድ የተሰነጠቀ እግሩን ባሕር ውስጥ ይነክራል። ከዚህ በፊት ታሞ አያውቅ ይሆናል፤ ጉበቱ ግን ተመርምሮ አያውቅም። ጉበቴ ታሟል ወይም ስኳር አለብኝ የሚል ሰው ክፍት ቁስል ይዞ ባሕር ባይገባ፣ ጥሬ ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ ባይበላ ይሻለዋል። ለዚህ ማመካኛ መፈለግ አያስፈልግም።

ሁሉም ባክቴሪያ እንዲህ አይሮጥም። አሣ የሚነካ እጅ ላይ ቀስ ብለው የሚመጡ ሁለት አሉ። ኤሪሲፔሎትሪክስ የሚባለው በተወጋው ጣት ዙሪያ ሐምራዊ፣ የሚያቃጥል እብጠት ያወጣል፤ ፔኒሲሊን ይመልሰዋል። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ዘመድ ነው፤ በ1926 እ.ኤ.አ. ፊላዴልፊያ ውስጥ በሞቱ የባሕር አሣዎች ላይ ነው የተለየው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ድምፁን አጥፍቶ ይቆይና ጣት ላይ እባጭ ያወጣል፤ ሳይታከም ከቀረ እባጩ እየተከታተለ ወደ ክንድ ይወጣል። መድኃኒቱ በወራት ይቆጠራል። ችግሩ በሽተኛው ሐኪም ጋ ሲሄድ የወጋውን አሣ ረስቶታል፤ ሐኪሙም ካልጠየቀ ነገሩ እንደ ተራ እባጭ ይታከማል። ይህ ባክቴሪያ ባሕር አይመርጥም፤ ጨው በሌለው ውሃና ቤት ውስጥ በምናስቀምጠው የአሣ መስታወት ሣጥንም ይኖራል።

በዚህ አገር አሣ አጥማጅ ሲባል ከባሕር ይልቅ ሐይቅ ነውና፣ ሐዋሳን፣ ዝዋይን፣ ጫሞንና ጣናን መዝለል አይቻልም። ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ጠዋት የሄደ ሰው ያያል፦ ልጆች ባዶ እጃቸውን ቆሮሶ ሲገፉና ሲበልቱ። እጃቸው ይፈጥናል፣ ቢላው ስለት አለው፤ የቆሮሶ የጀርባ እሾህ በመዳፍ ሲገባ እጁን አራግፎ ይቀጥላል እንጂ የሚያቆም የለም። አምባዛ ደግሞ ከጎኑ ያለው እሾህ ጠንካራ ነው። በዚህ ውሃ የሚጠበቀው ኤሮሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ በአንድ ቀን ውስጥ ቁስልን ሊያመረቅዝ ይችላል። እዚህ ጋ ልብ በሉ፦ ኤሮሞናስ በተፈጥሮው አሞክሳሲሊንንና አምፒሲሊንን ይቋቋማል። በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ የሚገኘው፣ ያለ ማዘዣ የሚገዛው፣ ካፕሱሉ ተፈልቅቆ ቁስል ላይ የሚነሰነሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። መድኃኒቱን ዱቄት አድርጎ መነስነስ ከመጀመሪያውም አይረዳም፤ በቁስሉ ላይ ቅርፊት ይሠራል፣ ቆሻሻውን ከታች ይደፍናል።

ወደ ደቻቱ ልመለስ። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፣ በሺዎች የሚቆጠሩትን ከቤታቸው አፈናቀለ። የድሬ ሰው ስለዚያ ሌሊት ሲያወራ ስለ ሞቱት ነው። የቆሰሉት ታሪክ እምብዛም አይነገርም፤ ጎርፍ ግን ከሚያሰጥመው በላይ ይቆርጣል። ሰው የሚያቆስለው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ውሃው የሚገፋው ቆርቆሮ፣ አጠና፣ ጠርሙስና ሽቦ ነው። በውሃው ላይ ደግሞ የመጸዳጃ ጉድጓድ ፍሳሽ፣ የከብት ፋንድያና የአይጥ ሽንት ተቀላቅሏል።

ከሌላው ዓለም የተመዘገበውን ብናይ መጠኑ ይገባናል። በታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. በደረሰው የሱናሚ ማዕበል ሳቢያ ከደቡብ ታይላንድ ወደ ባንኮክ ሆስፒታሎች የተላኩ 777 ሰዎች ታይተው፣ 515ቱ ላይ ቆዳና ሥጋ ያመረቀዘ ቁስል ተገኘ፤ በብዛት ከተገኙት ባክቴሪያዎች ግንባር ቀደሙ ኤሮሞናስ ነበር። በኢንዶኔዥያ አቼ በዚያው አደጋ 106 ሰው መንጋጋ ቆልፍ ያዘው፣ 20ው ሞተ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ላይ ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ካለፈች በኋላ በቪብሪዮ 22 ሰዎች ታመሙ፣ አምስቱ ሞቱ። ሦስቱም መዝገቦች አንድ ነገር ያሳያሉ፦ ውሃው ሲሄድ ሥራው ገና ይጀምራል።

መንጋጋ ቆልፍ ከሁሉም ይልቅ የደቻቱ በሽታ ነው እላለሁ። ጀርሙ እንደ ዘር ሆኖ በአፈርና በፋንድያ ውስጥ ለዓመታት ይተኛል፤ ባሕር አያስፈልገውም። አሸዋው ላይ ግመልና ፍየል ሲያልፉ የምናይ ሰዎች ይህን ማመን አይከብደንም። ከተወጋን ከ3 እስከ 21 ቀን ውስጥ፣ አንዳንዴ ቁስሉ ደርቆ ከተረሳ በኋላ፣ መንጋጋ ይቆለፋል። መከላከያው ክትባት ነው። ኢትዮጵያ በ2017 እ.ኤ.አ. የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ በማጥፋቷ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላታል። ይህ የመጣው በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶች በመከተባቸው ነው። አዋቂው ወንድስ? ነፍሰ ጡር አይሆንም፣ ክትባት ጣቢያም አይሄድም። አሸዋ የሚዝቀው፣ ጎማ የሚቀይረው፣ መረብ የሚጎትተው ግን ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ክፍተቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ወንዶችን ሥራ ቦታቸው ድረስ ሄዶ መከተብ ከጎርፍ ግድግዳ ያነሰ ወጪ ነው።

አሁን ወደ ተረከዜ። ቡናውንም ቤንዚኑንም በአክብሮት መልሼ አንድ የአምስት ሊትር ጀሪካን የቧንቧ ውሃ ለመንኩ። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ጓደኛዬ ክዳኑን በምስማር በስቶ ውሃውን በግፊት ቁስሉ ላይ አፈሰሰልኝ። አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀ። በመጀመሪያው ደቂቃ የሚታየው አሸዋ ሄደ፤ የማይታየው ግን በሰባተኛው ደቂቃ ነው ሲወጣ ያየሁት፣ እንደ ጥቁር ክር ከሥጋው መካከል። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሁለት ደቂቃ ታጥቤ ቢሆን ኖሮ ያ ክር ውስጤ ይቀር ነበር። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

እዚያ ያገኘሁት ነርስ ቁስሉን እንደገና አጥቦ «ዛሬ አልሰፋውም» አለኝ። ተናደድኩ፤ ስንፍና መሰለኝ። ጎርፍ ያቆሸሸውን ወይም ስድስት ሰዓት ያለፈውን ቁስል ወዲያው መስፋት ጀርሙን ከውስጥ መቆለፍ እንደሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ይህንኑ እንደሚል ያወቅኩት በኋላ ነው። ክፍቱን በፋሻ ሸፍኖ፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ወግቶ ላከኝ፤ በአራተኛው ቀን ንጹሕ ሆኖ ሲያገኘው ሰፋው። ከመውጣቴ በፊት ግን እስክሪብቶ አውጥቶ በቅላቱ ዳር ዙሪያውን አሰመረና ሰዓቱን ጻፈበት፦ 3፡40። «ቅላቱ ከዚህ መስመር ካለፈ፣ ወይም ብርድ ብርድ ካለህ፣ ወይም ሕመሙ ከቁስሉ ከበለጠ በሌሊትም ቢሆን ና» አለኝ። ከዚህ የቀለለና የረከሰ መሣሪያ አላየሁም።

አሣ ለማጥመድ ለሚወጣ ሰው የሚጨመረው ጥቂት ነው። ባሕር ዳር ባዶ እግር አይሂድ፤ ጫማ ይልበስ። አሣውን ሲይዝ ወፍራም ጓንት፣ መንጠቆ ሲነቅል ፒንሳ ይጠቀም። ጓንት ያልለመደ አጥማጅ እጄ አይታዘዝልኝም እንደሚል አውቃለሁ፤ ቢያንስ በግራ እጁ፣ አሣውን በሚይዝበት፣ ያጥልቅ። ቀድሞ የቆሰለ ከሆነ ወይ ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ይሸፍነው ወይ ከውሃው ይቅር። ከቤት ሲወጣ አንድ ጠርሙስ የሚጠጣ ውሃ ለቁስል ብቻ ብሎ ይያዝ፣ ሳሙናም ጭምር። ቀይ ባሕር ላይ መርዛም እሾህ ያለው እንደ ድንጋይ አሣ የወጋው ሰው እግሩን በሚችለው ሙቅ ውሃ፣ እስከ 45 ዲግሪ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይንከር፤ ሙቀቱ መርዙን ያደክማል፣ ሕመሙንም ያስታግሳል። ቆዳውን እንዳይቀቅል ግን ሙቀቱን አስቀድሞ ጤነኛ እግሩ ላይ ይሞክረው። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጥልቅ ቁስል ውስጥ አይፈሰሱ፤ ጀርሙን ሲገድሉ የሚድነውን ሥጋም ያቃጥላሉ።

ነርሱ ቁስሌን ሲያጥብ ከሁሉ በፊት የጠየቀኝ ነገር ነበር፦ «ምን ውሃ ነው ያገኘው?» እኔ ስለ ቆርቆሮው ነበር የማወራው። ጥያቄው ከንቱ አልነበረም። ለደቻቱ ጭቃ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ይቀድማል፤ ለሐይቅ አሣ አሞክሳሲሊን ብቻውን አይበቃም፤ ለባሕር ውሃ ደግሞ ሐኪሙ ዶክሲሳይክሊንን ከሌላ መድኃኒት ጋር አጣምሮ ሊያዝ፣ ቀዶ ሐኪምም በቶሎ ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ካርድ ሲያወጡ ሳይጠየቁ ይናገሩት፦ ባሕር ነው፣ ሐይቅ ነው ወይስ ደቻቱ፤ የወጋኝ አሣ ነው ወይስ ቆርቆሮ፤ ስንት ሰዓት ላይ ነው፤ ጉበት ወይም ስኳር አለብኝ ወይስ የለብኝም።